«ፎርማሊቲ ነው» ተብላችሁ ለምትፈርሙ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ጓደኛዬ ከባንክ ሊበደር ነው፤ ‹ፎርማሊቲ ነው፣ ፈርሚልኝ› አለኝ። ዋስ መሆን ከምስክርነት በምን ይለያል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ የያዝኩትን የቆየ የፍርድ ቤት መዝገብ አስታወሰኝ። የዚያ መዝገብ ባለቤት ይህንኑ የጠየቀው መጥሪያ በእጁ ይዞ ነበር።

ሰውየው መምህር ነው። አብሮ አደጉ ለወፍጮ ቤት 200,000 ብር ተበደረ፤ እሱም ፈረመለት። «ምስክር የሆንኩ መስሎኝ» አለ። ምስክር የሚናገረው ውሉ ፊቱ መፈረሙን ብቻ ነው፤ ዕዳው አይነካውም። ዋስ ግን ባለዕዳው ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ ብሎ የገባ ሰው ነው። ውሉ ላይ ከመምህሩ ስም በላይ «በማይከፋፈልና በማይነጣጠል ኃላፊነት» የሚል ሐረግ ነበረ። ሲያየው የጠበቆች ማሳመሪያ መስሎታል፤ ጉዳዩን የጨረሰው ግን እሱ ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስ ሁለት ዓይነት ነው። ተራ ዋስ ሲከሰስ «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ፈልጉ» ማለት ይችላል። ነገር ግን ዋሱ ራሱ ገና በመጀመሪያው መልሱ ላይ ካላነሳው ባለገንዘቡ (አበዳሪው) የባለዕዳውን ንብረት የማስቀደም ግዴታ የለበትም። ቁጥር 1933 የሚናገርለት የአንድነት ዋስ ደግሞ ይህ መብት ጭራሽ የለውም። ባንኩ ተበዳሪውን ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ፣ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። በዚያ ሐረግ ምክንያት መምህሩ የአንድነት ዋስ ነበር። ወፍጮው እዚያው ቆሞ ሳለ የተያዘው የእሱ ደመወዝ ነው። ወፍጮ ለመሸጥ ሐራጅ ይወጣል፣ ገዢ ይፈለጋል፤ ደመወዝ ግን በየወሩ ይመጣል። እኔም የባንኩ ሰው ብሆን ደመወዙን እመርጥ ነበር።

ያ መዝገብ ዛሬም የሚቆረቁረኝ በሌላ ነገር ነው። መምህሩ ባለትዳር ነበር፤ ሚስቱ ዋስትናውን የሰማችው መጥሪያው ቤት ሲደርስ ነው። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት፣ ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜው ግን ነገሩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው፣ ከውሉ ቀን ጀምሮም ከ2 ዓመት አያልፍም። መጥሪያው የመጣው ውሉ በተፈረመ በ14ኛው ወር ስለነበር 2 ዓመቱ ገና አልሞላም። ስለ ሚስቱ የተጠየቀው ግን መጥሪያው ከደረሰ ከ8 ወር በኋላ ነው፤ 6 ወሩ አልፎ ነበር። ጠያቂው እኔ ነበርኩ፤ መጠየቅ የነበረብኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። (አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የአካባቢያችሁን እዩ።)

«ሳታነቡ አትፈርሙ» የሚለውን አልደግመውም፤ የዘንድሮ ልጅ ስልኩ ላይ «ተስማምቻለሁ»ን በአውራ ጣቱ እየነካ ስላደገ ምክሩ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ደግሞ 12 ገጽ ውል እኛም አናነብም ነበር። ይልቅ ስማችሁ ያለበትን አንቀጽ ፈልጉና ከላይ ያልኩት ሐረግ ወይም «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ እዩ። ቀጥሎ የገንዘቡን ልክ ፈልጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም ይላል። ችግሩ፣ ባዶ መስመር ላይ ከፈረማችሁ ቁጥሩን ከኋላችሁ ሌላ ሰው ይሞላዋል። ባዶውን በሰረዝ ዝጉት፣ ብሩን በአኃዝም በፊደልም አስጽፉ፣ ኮፒ ሳትይዙ አትውጡ።

ለሥራ ተያዥ የምትሆኑም ያው ናችሁ። ተያዥ ማለት ዋስ ነው፤ ቅጹ «ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ» ብሎ ብር ካልጠቀሰ አስጠቅሱት።

ለማንም የአንድነት ዋስ አትሁኑ ብዬ ልጽፍ ነበር። ባንኮች ግን ሌላ ዓይነት ዋስ እምብዛም አይቀበሉም፣ ዋስ ያጣ ሰውም ሥራ አይጀምርም፤ ስለዚህ ምክሬ ከኑሮው ጋር እንደሚጋጭ አውቃለሁ። ቢያንስ ቢመጣባችሁ መክፈል የምትችሉትን ያህል ብቻ ፈርሙ።

ከዋስትና ጋር ባይገናኝም «ቀብድ» የሚለውን ቃልም ልብ በሉ። ለሠርግ አዳራሽ 20,000 ብር ሰጥታችሁ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ከተባለ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር እናንተ ውሉን ስትተዉ ብሩ ይቀራል፤ ባለአዳራሹ ሲተወው 40,000 ይመልሳል (ቁጥር 1885)። «ቅድሚያ ክፍያ» ከተባለ ግን ይህ የእጥፍ ነገር በራሱ አይመጣም። ደረሰኝ ላይ የትኛው ቃል እንደተጻፈ የሚያይ ሙሽራ እስካሁን አልገጠመኝም።

ለጠያቂዬ፦ ጓደኛሽን የብድር ውሉን ረቂቅ ከመፈረሚያው ቀን በፊት እንዲያመጣልሽ ጠይቂው። ባንኩ ሲጠይቅሽ ከመክፈልሽ በፊት ለጓደኛሽ በጽሑፍ አስታውቂው፤ እሱም ከፍሎ ከሆነ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል። ከከፈልሽ በኋላ ደረሰኙን በስምሽ ያዢ። የከፈለ ዋስ በባለገንዘቡ ቦታ ተተክቶ ባለዕዳውን መጠየቅ ይችላል፤ ለዚያ የሚያስፈልግሽ ማስረጃ ያ ደረሰኝ ነው።