ደብዳቤ መጻፍ ጸብ አይደለም፦ ሳይት ለምትጀምሩ ልጆች

ሰላም ልጆች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ ግን ከግንባታ ሳይት የሚደውሉልኝ ልጆች አልተዉኝም፣ ነገሩም ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ «ጋሼ ስራውን ጨርሰናል ክፍያው ላይ ግን ቆረጡብን» ይሉኛል። የኮንትራቱ ጀነራል ኮንዲሽን (አጠቃላይ ደንቡ) ምን ይላል ስላቸው ጸጥ። ቢኦኪውን (የስራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩን) እና ድሮዊንጉን በቃላቸው ያውቁታል፣ እሱን ግን የጠበቃ ወረቀት ነው ብለው ሳይገልጡት ይቀራሉ።

እንደው ባጭሩ፣ ጀነራል ኮንዲሽን ማለት አሰሪው፣ ተቋራጩና አማካሪው (ለአሰሪው ስራውን የሚቆጣጠረው) ማን ምን ያደርጋል፣ በስንት ቀን ያደርጋል፣ ካላደረገስ ምን ይከተላል የሚለው ነው። እኛ ሀገር የምታገኙት ወይ የመንግስት ግዥ መደበኛ ሰነድ ውስጥ ያለውን ነው፣ ወይ የድሮው የስራና ከተማ ልማት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ በ1994 ያወጣውን፣ በውጭ ብድር የሚሰራ ትልቅ መንገድ ላይ ከገባችሁ ደግሞ ፊዲክን፣ የአለም አቀፉ የአማካሪ መሀንዲሶች ፌዴሬሽን የሚያወጣውን። ፊዲክ ራሱ የ1987፣ የ1999፣ የ2017 እያለ ይለያያል፣ ስለዚ ሌላ ሳይት ያለ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ቀን ይዛችሁ አትሂዱ፣ የራሳችሁን ኮንትራት ክፈቱ። መጀመሪያ ደግሞ ስፔሻል ኮንዲሽኑን፣ ለዛ ኮንትራት ብቻ የተጻፈውን፣ አንብቡ (ፊዲክ ላይ ፓርቲኩላር ነው ሚባለው)፣ ሁለቱ ከተጋጩ የሚጸናው እሱ ነው፣ ጀነራሉ ላይ ያያችሁት መብት እዛ ጋ በአንድ መስመር ተሰርዞ ልታገኙት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እኛን የሚጎዳን አለማንበብ ብቻ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ከሬዚደንት ኢንጂነሩ (ሳይት ላይ ከሚቀመጠው የአማካሪው ሰው) ጋ ጠዋት አብራችሁ ቡና ጠጥታችሁ ከሰዓት ደብዳቤ መጻፍ ነውር ይመስላችኋል፣ «ነገር ፈላጊ ይለኛል» ትላላችሁ። ቢቸና አካባቢ አንድ ልጅ የፋውንዴሽን ቁፋሮ ላይ ጥቁር አፈሩ አላልቅ አለው፣ አማካሪው መጣና አየት አድርጎ «ጨምር፣ ጠንካራው እስኪገኝ ውረድ» አለው፣ ልጁም ወረደ፣ ሰሌክት ማቴሪያል (የተመረጠ ሙሌት አፈር) ሞላ፣ ጠቀጠቀ፣ ኮንክሪቱን አፈሰሰ። ሳይት ቡክ (ሳይት ላይ ትዕዛዝ የሚጻፍበት መዝገብ) ላይ አንድ መስመር የለም፣ ከመሸፈኑ በፊት ኑና ለኩልኝ ብሎ የጠየቀበት ወረቀትም የለም። አማካሪው በመሀል ተቀየረና አዲሱ መጥቶ «ድሮዊንጉ ላይ ያለውን ጥልቀት ነው የማውቀው» አለ። ምን ትለዋለህ? ሰውየው እኮ አላጠፋም፣ ያላየውን እንዴት ይፈርም።

እና መፍትሄው ኮንዲሽኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። በ1999ኙ ፊዲክ አማካሪው በቃል ካዘዘህ በሁለት የስራ ቀን ውስጥ «በቃል እንዲህ ብለህ አዘኸኛል» ብለህ በጽሁፍ ታረጋግጣለህ፣ እሱ ደብዳቤህ በደረሰው በሁለት የስራ ቀን ውስጥ በጽሁፍ ካልተቃወመ ያንተ ደብዳቤ የሱ የጽሁፍ ትዕዛዝ ሆኖ ይቆጠራል። የ1987ቱ ላይ ሰባት ሰባት ቀን ነው። ምንም ስድብ የለውም ምንም ክስ የለውም፣ ሶስት መስመር ነው፣ ግን ኮፒው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ፈርመው ቀን ይጻፉበት፣ ያለዛ እንዳልጻፋችሁ ነው። አባቶቻችን የመሬት ግብር ደረሰኝ በጨርቅ ጠቅልለው ስንት ዘመን ያስቀምጡ የለ፣ ከጎረቤት ስለተጣሉ መሰላችሁ? እንዲያውም እንዳይጣሉ ነው።

ክሌም (የይገባኛል ጥያቄ) ላይ ደግሞ ቀኑ ጨካኝ ነው። የ1999ኙ ላይ ተጨማሪ ጊዜም ሆነ ተጨማሪ ገንዘብ የምትጠይቅበት ነገር መከሰቱን ካወቅክበት ወይም ማወቅ ከነበረብህ ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ኖቲስ (የጽሁፍ ማሳወቂያ) ካልሰጠህ መብቱ ይወድቃል፣ ስራው እውነት መሰራቱ አያድንህም። ኖቲስ ስትሰጥ ሂሳቡ ገና ባይሰራ ችግር የለውም፣ ዝርዝሩ በኋላ ነው የሚገባው፣ ብዙ ልጅ ግን ሂሳቡን ልጨርስ እያለ ቀኑን ያሳልፈዋል።

ዝናብንም ልንገራችሁ ምክንያቱም ጎጃም ስትሰሩ ሰበቡ ሁሌ እሱ ነው። በሐምሌ ዘነበ ብላችሁ ጊዜ ብትጠይቁ አማካሪው ቢስቅባችሁ አትቀየሙ፣ ክረምት እዚህ እንደሚከብድ ማንም ተቋራጭ አስቀድሞ ያውቃል፣ ኮንዲሽኑ የሚያየው ከተለመደው ውጪ የሆነውን አየር ነው። እሱን ለማሳየት ደግሞ ያለፉ አመታት የሜትሮሎጂ መረጃ ይዛችሁ ማወዳደር፣ የሳይት ዲያሪውም በየቀኑ የተሞላ መሆን አለበት። ክረምቱን ስኬጁሉ ላይ መጀመሪያውኑ ማስገባት ይሻላል ባይ ነኝ።

ክፍያ ሲዘገይም ማሽን ሰብስቦ መሄድ አለ፣ ኧረ ተዉ! ያለ ኖቲስ ካቆማችሁ ጥፋተኛው እናንተ ትሆናላችሁ። በ1999ኙ ለማቆም ቢያንስ የ21 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፣ ለዘገየው ክፍያም ወለድ የሚጠየቅበት አንቀጽ አለ፣ የናንተ ኮንትራት ላይ ስንት ቀን እንደሆነ እዩት።

አዲስ ሳይት ስትገቡ ታዲያ መጀመሪያ ኦፊስ ኢንጂነሩን የተፈረመውን ኮንትራት ሙሉ ኮፒ ጠይቁት። «ጀነራሉ ስታንዳርድ ስለሆነ አላያያዝነውም» ካላችሁ ከአሰሪው ሪከርድ ክፍል አስመጡ፣ ከዛ በኋላ የቀን ቁጥር ያለበትን አንቀጽ ሁሉ በቢጫ ማርከር አስምሩና አንድ ገጽ ላይ ገልብጣችሁ ጠረጴዛችሁ ፊት ለፊት ለጥፉት።