ከጠርዙ ቆፍሩ

ሰሞኑን ሜዳ የምትንከባከብ አንዲት ወጣት «ሳሩ እየሞተብኝ ነው፤ ላቦራቶሪው ግን ኔማቶድ የለበትም አለኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ኔማቶድ አፈር ውስጥ የሚኖር ደቃቅ ትል ነው፤ አንዳንዱ የሳር ሥር ያጠቃል። አፈሩን ከየት እንዳነሳች ጠየቅኋት። «ከሞተው መሃል» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እኔም በእሷ ዕድሜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አሸዋማ የእግር ኳስ ሜዳ ነበር። ሳሩ ውሃ እየጠጣ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፤ እዚህም እዚያም ቢጫ ሆኖ ይሳሳል። ሜዳውን የሚጠብቁት አዛውንት፣ ጋሼ የምላቸው፣ ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ ሳር ያዙና «ልጄ፣ እየው፣ ሳልስበው ይነቀላል» አሉኝ። ልብ አላልኩም። ከደረቀው መሃል ሁለት ቦታ ቆፍሬ አፈሩን በላስቲክ ቋጠርኩ፤ መኪናዬ ውስጥም ፀሐይ ላይ አሳደርኩት። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ መጣ። «የውሃ እጥረት ነው» ብዬ ፈረምኩ። ጋሼ በዚያ ወረቀት ምክንያት ከሥራ ተሰናበቱ።

በዓመቱ ሌላ ባለሙያ ከቢጫውና ከአረንጓዴው ድንበር ላይ ቆፈረ። ስቲንግ ኔማቶድ ተገኘ፤ ሲያድግ እስከ 3 ሚሊሜትር የሚጠጋ፣ እንደ መርፌ ባለ አፉ የሥሩን ጫፍ ወግቶ የሚመጥ፣ አሸዋ የሚወድ ትል ነው። ሥሩን አጥቤ መዳፌ ላይ ዘረጋሁት፤ አጭር ነው፣ ጫፉ ጠቁሯል። ጋሼ ሲያጠጡት የዋሉትን ውሃ በምን ይጠጣው? ቤታቸውን አፈላልጌ ስደርስ አካባቢውን ለቀው ሄደዋል።

ይህ ትል የሚበላው ሕያው ሥር ነው፤ ሥሩ ከሞተ እሱም አይቆይም። በብዙ ላቦራቶሪ አፈሩ በስስ ወረቀት ላይ ተደርጎ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ወረቀቱን አልፎ የሚወርደው በሕይወት ያለው ትል ብቻ ነው። በፀሐይ የበሰለ አፈር ንጹሕ ነው ቢባል ምን ይደንቃል?

የዛሬ ልጆች ፎቶ ልካችሁ በሽታው እንዲነገራችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ይህ ያናድደኛል። ግን እኔም በቦታው ቆሜ፣ እያሳዩኝ፣ አላየሁም። የትሉ ቁጥርም ብቻውን አይበቃም፤ ጥቂት ስቲንግ የሚያደርሰውን ጉዳት ሌላው ዝርያ በመቶዎች ተቆጥሮም ላያደርሰው ይችላል።

ለልጅቷ፣ ከጠርዙ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ 10 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ እንድትቆፍር ነገርኳት፤ ደህና ከሚመስለው ሳርም ለብቻው እንድትይዝ፣ አፈሩ እርጥበቱን ሳይለቅ ጥላ ውስጥ እንዲቆይና ቶሎ እንዲደርስ። ሜዳውን የሚያጠጣው ሰው ምን እንዳየም ጠይቂው አልኳት። መልሷን እየጠበቅሁ ነው።