እህቴ «እስከ 3,500 ዶላር ድረስ ምረጥ» አለችኝ፤ የትኛውን ጊታር ላስመጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ጊታር ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። እስካሁን የምጫወተው ግን ከጓደኛዬ በገዛሁት ርካሽ ቦክስ ጊታር ነው። እህቴ ዋሽንግተን ትኖራለች። ለጥምቀት ስትመጣ ጊታር ልታመጣልኝ ነው፤ እስከ 3,500 ዶላር ድረስ የፈለግኩትን እንድመርጥ ነግራኛለች። እኔ በብዛት ቤት ውስጥ፣ በጣቴ ነው የምጫወተው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ። እየዘፈንኩም አጅባለሁ። ጓደኞቼ «ማርቲን ዲ-28 ካልሆነ አትቀበላት» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ዕድል ዳግም አላገኝምና እንዳልሳሳት ይርዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እህትህን እግዜር ያክብርልህ። ሁለተኛ፣ ዲ-28 አታስመጣ።

ጊታሩ እንከን ኖሮበት አይደለም። ማርቲን ከ1833 ጀምሮ ጊታር የሚሠራ ቤት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፍልህ)፣ ዲ-28ም በዓለም ላይ ከተከበሩት ጊታሮች አንዱ ነው። ላንተ አጨዋወት ግን አይስማማም። «ዲ» ማለት ድሬድኖት ነው፤ ስሙ የመጣው ከእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። ማርቲን ይህን ቅርጽ በ1916 የሠራው ለሌላ ሙዚቃ ቤት ነበር፣ በራሱ ስም ማውጣት የጀመረው በ1931 ነው። ሰፊና ጥልቅ የተደረገው ድምፁ እንዲጎላ፣ በተለይ ወፍራሞቹ ክሮች ከባድ ድምፅ እንዲያወጡ ነው። በፒክ (ክር በሚመቱባት ትንሽ ቁራጭ ፕላስቲክ) እየመታ ለሚያጅብ፣ ሰው በበዛበት ለሚጫወት ሰው ግሩም ነው። አንተ ግን በጣትህ፣ ቀስ ብለህ፣ ትዝታ ነው የምትጫወተው። ያን ትልቅ ሆድ በጣት ጫፍ ለመቀስቀስ ጉልበት ይፈጃል፤ ሲቀሰቀስ ደግሞ ወፍራሞቹ ክሮች ቀጭኖቹን ይሸፍኑብሃል። ዜማው ያለው ደግሞ ቀጭኖቹ ላይ ነው።

እስቲ ስለ ቅኝቶቻችን አስብ። ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስት ድምፅ ብቻ። ፈረንጁ ስድስቱንም ክር በኮርድ ሞልቶ ሲመታ እኛ አንዷን ድምፅ ይዘን እናንቀጠቅጣታለን፣ ወደ ጎረቤቷ እናንሸራትታታለን፣ ከዚያ ዝም እንላለን። ጥሩ የክራር ተጫዋች ሲመታ ልብ ብለህ ስማው፤ በድምፅና በድምፅ መሃል ያለው ዝምታ ራሱ ዜማ ነው። ስለዚህ አንተ የምትፈልገው ጊታር ትንሽ ሲነካ የሚመልስ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ የሚያሰማ፣ ክሩ ለጣት የማይከብድ ጊታር ነው።

የኔ ምርጫ ማርቲን 000-18 ነው። «ትሪፕል ኦ» ይሉታል። የታችኛው ወርዱ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ድሬድኖቱ ወደ 40 ይጠጋል። በወርድ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ጥልቀቱ ላይ ግን ድሬድኖቱ 12.4፣ ይሄኛው 10.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ገና ስታቅፈው ይታወቅሃል። ሌላው ደግሞ የክሩ ርዝመት ነው። ድሬድኖቱ 64.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 000ው 63.2 ነው። ክሩ ባጠረ ቁጥር ውጥረቱ ይቀንሳል፤ ለማንቀጥቀጥና ለማንሸራተት ይለሰልሳል። እኛ የምንጫወተው ሙዚቃ ላይ ይህች አንድ ሴንቲ ሜትር ከስምና ከጌጥ ሁሉ ትበልጣለች።

እንጨቱስ? 18 ቁጥር ያላቸው ማርቲኖች ጀርባና ጎናቸው ማሆጋኒ ነው፣ 28ቶቹ ሮዝዉድ። ፊቱ ሁለቱም ላይ ስፕሩስ ነው። ሮዝዉድ ድምፁን ያረዝመዋል፣ ዙሪያውን ሌላ ድምፅ ያለብሰዋል፤ ብቻውን ሲሰማ ልብ ይወስዳል። ማሆጋኒ ድምፁን ጥርት አድርጎ ይሰጥህና ቦታ ይለቅልሃል። እየዘፈንክ ስለምታጅብ ድምፅህን የማይሻማህ ይሻልሃል። ብዙ ሰው ዋጋው ስለሚበልጥ ሮዝዉዱን የተሻለ አድርጎ ያየዋል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። 000-18 አዲሱ 3,000 ዶላር አካባቢ ነው፣ ጠንካራ ሣጥኑ አብሮት ይመጣል። 000-28 ብትል በጀትህን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ በዚያ ላይ የሽያጭ ታክስ አለ።

ጊብሰን ጄ-45ን ሊያነሱብህ ይችላሉ። ከ1942 ጀምሮ ያለ፣ ዘፋኞች የሚወዱት፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ያለው ጊታር ነው። በፒክ የምታጅብ ብትሆን እሱን ነበር የምልህ።

አሁን ደግሞ ከምርጫው በላይ ስለሚያስጨንቀኝ ነገር ልንገርህ። እስከ ዛሬ የያዝከው ጊታር ርካሽ ከሆነ የተሠራው ከኮምፔንሳቶ ሳይሆን አይቀርም። ኮምፔንሳቶ ድምፁ ደካማ ነው፣ ግን ቻይ ነው፤ ፀሐይ ላይ ብትተወው፣ ግድግዳ ላይ ብትሰቅለው ምንም አይለውም። አዲሱ ግን ፊቱም ጀርባውም አንድ ወጥ እንጨት ነው። ድምፁ የሚያምረው በዚሁ ነው፣ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ነው። ወጥ እንጨት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይተፋል፤ ሲተፋ ይኮማተራል። ጊታር ሠሪዎች የሚመክሩት እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምቱ ከወጣ በኋላ እስከ ሚያዝያ ያለውን ደረቅ አየር ከንፈርህ ራሱ ይነግርሃል። እህትህ ጊታሩን የምታመጣልህ ጥር ላይ ነው። ልክ ደረቁ ወቅት መሃል።

አዝማሪ ክረምት ላይ ማሲንቆው ሲላላበት እሳት ዳር ሲያሞቀው አይተህ ይሆናል። ቆዳው እርጥበት ስለሚጠላ ነው። ጊታር የሚፈራው ተቃራኒውን ነው።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት የመጀመሪያዬን ወጥ እንጨት ጊታር አገኘሁ። ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓት ፀሐይ በሚገባበት በኩል ሰቀልኩት። ታኅሣሥ ላይ የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ እጄን መቧጨር ጀመረ፤ አንገቱ ስለተኮማተረ ብረቱ ወጥቶ ነበር። አላወቅኩም። ጥር ላይ ክሮቹ ዝቅ ብለው ፍሬቱን እየነኩ መንዘር ጀመሩ፤ ፊቱ ሰምጦ ነበር። እሱንም አላወቅኩም። የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ስነሳ ክሮቹ ፊቱ ላይ ከሚታሰሩበት ከብሪጁ ሥር እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እዚህ ከተማ ያንን ስንጥቅ እንደ ወጉ የሚጠግን ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከ3,500ው ውስጥ ጥቂቱን ለዚህ አስቀር። እህትህ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ትግዛልህ፣ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንደ ቦቬዳ ያሉ እርጥበት የሚጠብቁ ከረጢቶችም አሉ፤ ለዓመት የሚበቃ ታምጣ። ሲያልቁብህ ስፖንጅ አርጥበህ፣ ውኃ እስከማይንጠባጠብ ድረስ ጨምቀህ፣ በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ አድርገህ ሣጥኑ ውስጥ አኑር። ስትጨርስ ጊታሩን ወደ ሣጥኑ መልሰህ ዝጋ። ሣጥኑ ከመስኮትም ከምድጃም ይራቅ። ክረምት ላይ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ፊቱ ሊያብጥና ክሩ ከፍ ሊልብህ ይችላል፤ ያኔ ስፖንጁን አውጣው።

አንተ ሳትነካው ነው የሚገዛውና አሞካከሩን እንዲህ አድርጉት። እህትህ ሙዚቃ ቤት ሄዳ ሦስት ጊታር ታስመርጥ፦ 000-18፣ 000-28 እና ጓደኞችህ የሚሉትን ዲ-28። ሻጩ አንድ አጭር ነገር በጣቱ፣ በሦስቱም ላይ፣ በተመሳሳይ ርቀት ይጫወትላት። ቀድታ በቴሌግራም ትላክልህ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አትንገርህ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብቻ ትበል። አንተ በጆሮ ማዳመጫ ማታ ጸጥ ሲል ስማቸው፣ በማግስቱ ድገማቸው። የስልክ ቅጂ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አያሳይም፤ የትኛው ቀጭን ክር ጠርቶ እንደሚወጣ ግን ይሰማሃል። ስማቸውን ሳታውቅ ዲ-28ን ከመረጥክ ምክሬን ተወውና እሱን አስመጣ። የምትጫወተው አንተ ነህ።

ከዚያ የተመረጠውን ሻጩ ያስተካክልላት፤ ይህ ሳይደረግ እንዳትወጣ። 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቀጭኑ 1.8 አካባቢ ከፍ ቢል ለጣት ጥሩ ነው። አንገቱ ውስጥ ያለውን፣ አንገቱን የሚያቃናውን ዘንግ የሚያዞረውን ቁልፍ መያዟን ታረጋግጥ። 12-53 (ቁጥሩ የክሮቹ ውፍረት ነው) ፎስፈር ብሮንዝ ክር አምስት ስድስት ጥቅል ትጨምርበት።

ያገለገለ ብትገዛ ገንዘብ ይተርፋችኋል፣ እኔም አልቃወምም። ግን ከ1970 በፊት የተሠራ ሮዝዉድ ማርቲን ቢያቀርቡላት እምቢ ትበል። እስከ 1969 ድረስ ማርቲን የብራዚል ሮዝዉድ ይጠቀም ነበር፤ ይህ ዛፍ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ ስለገባ ያለ ወረቀት ድንበር ማሻገር መዘዝ አለው። የሌላው ሮዝዉድ የሙዚቃ መሣሪያ ግን በ2019 ነፃ ስለተደረገ አያሳስባችሁም።

ጉዞው ላይ፦ ክሮቹን ትንሽ ታላላቸው፣ በሣጥኑ ውስጥ የአንገቱን ሥር በጨርቅ ትደግፈው። ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚበረው አውሮፕላን አነስ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ከመቀመጫ በላይ ያለው ቦታ ጊታር አይችልም፣ ስለዚህ ጠንካራው ሣጥን የግድ ነው። አዘዞ ወርዳ ቤት ስትደርሱ ወዲያው እንዳትከፍተው። እጅህ እንደሚበላህ አውቃለሁ። እስከ ማግስቱ ተዘግቶ ይደር፤ ቅዝቃዜውና ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይመጣጠንለት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ እዘፍናለሁ። ጊታሬን በማይክ ሳሰማ ይጮህብኛል፣ ያፏጫል። ለጥሩ ጊታር ገንዘብ ቆጥቤያለሁ። ለወንዶቹ የሚነግሯቸውን ለእኔም ይንገሩኝ፤ ፒካፕ ያለው ልግዛ?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ላንቺ ፒካፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ተቀብሎ በገመድ ወደ ስፒከር የሚልክ መሣሪያ፣ ያለው ነው። የሚያፏጨው የጊታርሽ ሆድ ከስፒከሩ የሚወጣውን ድምፅ መልሶ ስለሚቀበል ነው፤ ሆዱ ትልቅ በሆነ ቁጥር ይብሳል። ቴይለር 312 ሲኢን እዪው። ቴይለር በ1974 ካሊፎርኒያ የተቋቋመ ቤት ነው፤ ይህ ሞዴል ሆዱ ትንሽ ነው፣ ክሩ እንደ ማርቲን 000ው አጭር ነው፣ ፒካፑ ከፋብሪካ ገብቶለት ይመጣል። ድምፁ ከማርቲን ይልቅ ብሩህ ነው፤ በተጨናነቀ ሆቴል ውስጥ ይህ ይጠቅምሻል። ፒካፑ በ9 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠራው፤ ሥራ ስትጨርሺ ገመዱን ካልነቀልሽ ባትሪው ያልቃል።

እስከዚያው ድረስ አሁን ያለሽን ጊታር ቀዳዳ በላስቲክ ክዳን ክደኚው፣ ስፒከሩንም ከፊትሽ አድርገሽ ወደ ሰው አዙሪው። ብዙውን ጩኸት እሱ ይቀንስልሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁለታችሁም። «ማርቲን» የሚል ስም ስላለበት ብቻ በስልክ ፎቶ አይታችሁ እንዳትገዙ። አስመስለው የሚሠሩ አሉ። እውነተኛው ማርቲን በክቡ ቀዳዳ በኩል ሲታይ አንገቱ ሥር ባለው እንጨት ላይ የሞዴሉ ስምና መለያ ቁጥሩ ይነበባል፤ ቁጥሩን ከማርቲን የዓመታት ዝርዝር ጋር አመሳክሩት። የማርቲን ኤክስ የሚባሉት ደግሞ እውነተኛ ናቸው፣ ግን ከተጨመቀ ሰው ሠራሽ ነገር የተሠሩ ስለሆኑ ዋጋቸው ከ000-18 ጋር አይገናኝም። ያንን በ3,000 ዶላር ሒሳብ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ ጊታሩን መልሱለት።