የሚሸጥ ወፍጮ ቤት ስታገኙ

ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ «ምን አዲስ ቢዝነስ ልጀምር?» ብላችሁ ነው። አዲስ መጀመር ግድ አይደለም እላችኋለሁ። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን፣ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ስትሄዱ ግራና ቀኙን አስተውሉ። ወፍጮ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ ብሎኬት ማምረቻው ቤተሰብ ያኖሩ ሥራዎች ናቸው። ብዙዎቹ ባለቤቶች አሁን አርጅተዋል። ልጆቻቸው ወይ ውጭ አገር ናቸው፣ ወይ ሌላ ሙያ ይዘዋል። ተረካቢ ካልተገኘ በሩ ይዘጋል፤ ሠራተኛውም ይበተናል።

የእኛ ድርጅት እንዲህ ያሉትን ይገዛል፣ ያሻሽላል፣ ይይዛል። መልሶ ለመሸጥ አይገዛም። በዓለም ላይ የሰው ገንዘብ ሰብስበው ድርጅት የሚገዙ ብዙ የኢንቨስትመንት ፈንዶች ዕድሜያቸው 10 ዓመት ገደማ ነው፤ የገዙትን ጥቂት ዓመታት ይዘው ይሸጡታል። አልፈርድባቸውም፣ ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰው በቀኑ ይፈልገዋል። ግን መሸጫ ቀኑ የተቆረጠ ወፍጮ ቤት ውስጥ ማን አዲስ ሞተር ያስገባል? ማንስ ወጣት ፈጪ ያሠለጥናል? እኔ ይህን ሥራ የምወደው ጊዜ ስላለን ነው።

ዋጋው ላይ ግን ረጋ በሉ። ባለቤቱ «በዓመት 600,000 ብር አተርፋለሁ» ቢላችሁ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ቤቱ የራሱ ስለሆነ ኪራይ አይከፍልም። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ሲሠራም ለራሱ ደመወዝ አይቆርጥም። እናንተ ስትገቡ ግን ቤቱን በወር 25,000 ብር ትከራያላችሁ እንበል፤ ለሥራ አስኪያጅ ደግሞ 15,000 ብር። በዓመት 480,000 ብር ወጣ ማለት ነው። የቀረው 120,000 ብር ነው። ዋጋ የምትነጋገሩት በዚህኛው ቁጥር ላይ ነው።

ደግሞ «ይሄ ለግብር የማሳየው ነው፤ እውነተኛው ሽያጭ እዚህኛው ደብተር ላይ ነው» የሚል ሻጭ ያጋጥማችኋል። በሁለተኛው ደብተር ዋጋ አትክፈሉ። ስትረከቡ በደረሰኝ ትሠራላችሁ፣ ግብሩንም በአግባቡ ትከፍላላችሁ፤ ያኔ ያ ትርፍ የለም። ሻጩ የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳየውን ወረቀት፣ የግብር ክሊራንሱን፣ ሳታዩም አትፈርሙ።

ሠራተኛውን አስወጥተን በራሳችን ሰው እንጀምር የሚል ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት ከባለቤት ወደ ባለቤት በመተላለፉ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም ይላል። ሕጉ ባይኖርም ግን የገዛችሁት ዋናው ነገር እነሱ ናቸው።

ገላን አካባቢ በያዝነው ወፍጮ ቤት ፈጪው ጤፉ እየተፈጨ ሳለ መዳፉን ከዱቄቱ መውረጃ ሥር ያደርጋል። ትንሽ ይይዘዋል፣ በጣቶቹ ያሸዋል። ዱቄቱ ከወትሮው ከጋለና ከሻከረ ድንጋዩ ዶልዱሟል ማለት ነው፤ ወፍጮውን አቁሞ ድንጋዩን ይወቅራል። ሰልፍ ላይ ያሉት እናቶች ያጉረመርማሉ፣ እሱ አይሰማም። የሠፈሩ ሰው ቅርብ ያለውን ወፍጮ አልፎ እዚያ የሚመጣው ለዚህ መዳፍ ነው። በየትኛውም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይገኝም። ደመወዙን ስንጨምርለት ከባልደረቦቼ «ለአንድ ፈጪ በዛ» ያለ ነበር። እኔ አልበዛም ባይ ነኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ስሙን አትቀይሩ፣ ቀለም አትቀቡ፣ ዋጋ ለመጨመርም አትቸኩሉ። ሚዛኑን አስተካክሉ። ደመወዝ በቀኑ ክፈሉ። በርበሬና ጤፍ በአንድ ወፍጮ የሚፈጭ ከሆነ ለበርበሬው ሌላ ወፍጮ አስገቡ። ኩሽኔታና ቺንጋ በመጠባበቂያ ያዙ፤ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ እንደ ድሮው አይቀመስም። የአንድ ኩሽኔታ እጦት ወፍጮውን ሁለት ቀን ቢያቆመው ደንበኛው ሌላ ቤት ይለምዳል።

ሻጩንም በአንድ ቀን አትሸኙት። እኛ ከዋጋው የተወሰነውን በፊርማው ቀን፣ ቀሪውን በውል በየዓመቱ እንከፍላለን። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ብቅ ይላሉ፤ ማን በዱቤ እንደሚወስድና እንደሚከፍል ያውቃሉ። «አባባ፣ እስቲ ይህን ያስረዱኝ» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ደስ ይላቸዋል። ከእሳቸው በላይ አማካሪ በደመወዝ አታገኙም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ቶሎ የሚመለስ ብድር ለዚህ አይሆንም፤ ወለዱ ሞተሩን ከመቀየራችሁ በፊት ይደርሳል። ትርፍ ክፍፍል ለጥቂት ዓመታት መጠበቅ የሚችሉ ሸሪኮች ፈልጉ። ይህንንም ቃል በቃል ውሉ ላይ ጻፉት፤ በቡና ላይ የተባለ ነገር ይረሳል።

አክሲዮን መግዛት ለሚፈልግ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ሥራ ጀምሯል፣ ጥሩ ነው። ወፍጮ ቤት ግን እዚያ አይገኝም። ባለቤቱ «ደከመኝ» የሚለው ለዕድር ጓደኛው ነው። ስለዚህ በእግራችሁ ሂዱ፣ አስፈጩ፣ ተጫወቱ።

እኛ ዘንድ ሥራ ልትጠይቁ ከመጣችሁ ዲግሪያችሁን አይቼ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን የምትውሉት ሚዛን ላይ ነው፣ እህል እየመዘናችሁ፣ የደንበኛውን ስም እየያዛችሁ። የሒሳብ መዝገቡን የምሰጣችሁ ከዚያ በኋላ ነው።