61 ነጥብ ላይ ለቆምከው፦ የካናዳው 67 እንዴት ይሞላል?

በካናዳ የፌዴራል ሙያተኛ ሠራተኞች ፕሮግራም (Federal Skilled Worker) ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ለማመልከት ከ100 ቢያንስ 67 ነጥብ ያስፈልጋል። የጎደለህን ለመሙላት እህትህን ደምራት። በ36 ዓመት ዕድሜህ 11፣ በዲግሪህ 21፣ በ5 ዓመት ሥራህ 13፣ በእንግሊዝኛ ፈተናው በአይኤልትስ (IELTS) 16 ብለህ 61 ላይ መቆምህ ልክ ነው፤ ግን ቶሮንቶ ያለችው እህትህ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነች 5 ነጥብ ታስጨምርሃለች። 66 ሆነ። የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ግን አይቆጠርልህም።

ለቀረችው 1 ነጥብ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል፦

1. አይኤልትስን ድገም። አራቱም ላይ 6 ነው ያለህ። ንባብ፣ ጽሑፍ ወይም ንግግር፣ አንዱን ብቻ 6.5 ካደረስክ 67 ሞላህ፤ ሌሎቹ ግን ከ6 እንዳይወርዱ። ጄኔራል ትሬኒንጉን ነው የምትፈተነው፣ አካዳሚኩን አይቀበሉም።

2. ባለቤትህ ትፈተን። ማዳመጥ 4.5፣ ንባብ 3.5፣ ጽሑፍና ንግግር 4 ካመጣች 5 ነጥብ ነው። እኔ ብሆን ይሄን ነው የማስቀድመው።

67 የአመልካቾች ወረፋው (ኤክስፕረስ ኢንትሪ) ውስጥ ያስገባሃል እንጂ ለቋሚ ነዋሪነት እንድታመለክት የሚጠራህን ግብዣ አያስመጣልህም፣ እዚያ ከ1200 የሚታሰብ ሌላ ነጥብ አለ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤህን አሁኑኑ እየው። የኔ ሦስት መስመር ነበር፦ ከዚህ እስከዚህ ሠርተዋል፣ ደመወዛቸው ይህን ያህል ነው፣ ፊርማና ማኅተም። ምን እንደሠራሁና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ አይልም። በዚህ ምክንያት ማመልከቻዬ ውድቅ ሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ እንደገና እስኪጽፍልኝም ሁለት ወር ተመላለስኩ። የሥራህን ዝርዝር ራስህ አርቅቀህ ለሰው ኃይል ክፍሉ ስጣቸው።