ከክረምት በኋላ የተበላሸ የንብ እንጀራ፦ ብል ነው፣ አይጥ ነው ወይስ ሻጋታ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው የምኖረው። ሦስት ዘመናዊና ሁለት ባህላዊ ቀፎ አለኝ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አላስጠጋኝ ብሎ አልከፈትኳቸውም። ለመስቀል አደዩ ሲፈነዳ ዘመናዊዎቹን ብከፍት፣ አንደኛው ውስጥ አንድም ንብ የለም፤ እንጀራው የሸረሪት ድር ያደራበት መስሎ ተያይዟል። ሁለተኛው ንብ አለው፣ ግን እንጀራው ከታች በኩል ተቦድሷል። ሦስተኛው ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። ጎረቤቴ የጤፍ ተባይ መድኃኒት ርጭበት ይለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት መድኃኒቱን ይተዉት። እባክዎ ወደ ቀፎው አጠገብ እንኳ አያምጡት። ተባይ የሚገድል ነገር ንብንም ይገድላል። ሰም ደግሞ የቅባት ወገን ስለሆነ መርዙን መጥጦ ለረጅም ጊዜ ይይዘዋል። ዛሬ የረጩት ነገር ኅዳር ላይ ከሚቆርጡት ማር ጋር ልጆችዎ አፍ ሊደርስ ይችላል። ናፍታሊንም እንዲሁ ነው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ እንጂ እንጀራ አጠገብ ቦታ የለውም።

ሦስቱን ቀፎ በአንድ ዓይን አይዩአቸው፤ የደረሰባቸው የተለያየ ነው።

ድር ያደራበት የሰም ብል ነው፤ ትሉ እንጀራ የሚበላ የሌሊት ቢራቢሮ። እርግጠኛ ለመሆን አንዱን ፍሬም (እንጀራው የሚሠራበትን የእንጨት ማዕቀፍ) አውጥተው ወደ ፀሐይ ያንሡት። እንጀራውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ የሚሄድ መተላለፊያ ያያሉ፤ ግድግዳው ነጭ ሐር ነው፣ ውስጡ ደግሞ ቀይ ጤፍ የተበተነበት የሚመስል ኩስ ሞልቶበታል። ከዚያ የሳጥኑን ጥግና የፍሬሙን ጆሮ በጥፍርዎ ይዳብሱ። እንደ ትንሽ ታንኳ የተቦረቦረ ጎድጓዳ ካገኙ፣ ትሉ እንጨቱን ግጦ ራሱን የሚጠቀልልበትን የሐር ጎጆ የሠራበት ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የሚተው ሌላ ተባይ የለም።

ብሏ በሌሊት ገብታ በስንጥቅ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ትሉ የሚወደው ንብ እየተፈለፈለበት የጠቆረውን አሮጌ እንጀራ ነው፤ አዲስ ነጭ ሰም ብዙም አይጥመውም። ሙቀት ሲያገኝ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ዕድሜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ገደማ ነው፤ እንደ እናንተ ባለ ደጋ በክረምት ብርድ ከዚያም ይዘገያል። እንግዲህ እንጀራው እንዲህ ተበልቶ ካለቀ፣ ንቡ የጠፋው ወይም የመነመነው መስቀል ሲደርስ አይደለም፤ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ነው። ብርቱ ንብ ትሉን እየጎተተ ያወጣዋል። ብሏ የገባችው ባለቤት አልባ ወይም ደካማ ቤት ስላገኘች ነው።

ስለዚህ ንቡ ለምን ሄደ የሚለውን ያጣሩ። በቀሩት የእንጀራ ዓይኖች ውስጥ ራሳቸውን ቀብረው ጅራታቸው ብቻ የሚታይ የሞቱ ንቦች ካሉ፣ የመጨረሻዋን ማር ሲልሱ በረሃብ ያለቁ ናቸው። የሞተም ማርም ከሌለ ኮብልለዋል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሰኔ ላይ ከዚህ ቀፎ ምን ያህል ማር ቆረጡ? ሁሉን ከወሰዱት፣ ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ እየወረደ፣ አበባ በሌለበት፣ እነዚያ ንቦች የሚበሉት አልነበራቸውም። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። ሥራ እንደጀመርኩ እኔም ማሩን አንጠፍጥፈው ይቁረጡ ብዬ የመከርኩት ገበሬ ነበር፤ መስከረም ላይ ባዶ ቀፎ ሲያሳየኝ የተሰማኝ ሐዘን እስካሁን አልወጣልኝም።

የተበላውን እንጀራ ለሌላ ቀፎ አያዋሱት። ዛሬውኑ ጆንያ ውስጥ አስረው በሙቅ ውኃ ያቅልጡና ሰሙን ጨምቀው ያውጡ፤ ይሸጣል። አተላውን ይቅበሩት። ሳጥኑን በቢላ ፍቀው ስንጥቁንና ጥጉን በችቦ ነበልባል ለብ ለብ ያድርጉት፤ እንጨቱ ቡናማ እስኪል ድረስ ብቻ። ከዚያ በጥቂት ንጹሕ ሰምና በጠጅ ሳር ውስጡን ያሹት፤ አሁን የመንጋ ወቅት ስለሆነ ንብ ሊገባበት ይችላል።

ሁለተኛው ቀፎ ከታች ወደ ላይ መቦደሱ አይጥን ያስጠረጥራል። አይጥ ሙቀት ፍለጋ ትገባና በአፏ ልክ ትገምጣለች፤ ጠርዙ የተቀደደ ይሆናል፣ ወለሉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ኩስና የደረቀ ሣር ይገኛል፣ የሽንት ሽታም አለው። ወለሉ ላይ ያለው እንደ ዱቄት የደቀቀ ሰም ብቻ ከሆነ ግን፣ ንቦቹ ራሳቸው ያረጀውን እያፈረሱ ሊሆን ይችላልና አይረበሹ። አይጥ ከሆነች የተጠቃውን ቆርጠው ያስወግዱ፣ መግቢያውን ቁመቱ ከ8 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ እንጨት ያጥብቡት።

ሻጋታው ከሦስቱ ቀላሉ ነው። ንቡ አንሶ መሃል ላይ ሲሰበሰብ ዳር ያለው እንጀራ ይበርዳል፣ እስትንፋሳቸው እዚያ ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። በጣም የሻገተውን ያውጡ፣ ጥቂት የነካውን ይተዉላቸው፤ አደዩና መጩ ሲያብብ ራሳቸው ያጸዱታል። ቀፎውን ወደ መግቢያው በኩል በትንሹ ያዘንብሉት፣ ውኃ እንዳይቋጥር።

እንጀራው ረጥቦ ከተዝለገለገና ማሩ ቦክቶ ከሸተተ የትንሿ የቀፎ ጢንዚዛ እጭ ነው፤ ድር አይሠራም። በዓይኖቹ ውስጥ እንደ ጠመኔ የደረቀ እጭ ካገኙ፣ ወይም የዓይኖቹ ክዳን ወደ ውስጥ ሰርጎ ከሸተተ፣ እንጀራ ከቀፎ ወደ ቀፎ ሳያዛውሩ የወረዳውን የንብ ባለሙያ ይጥሩ።

ለሚመጣው ክረምት፣ በሰኔ መጨረሻ ድራቡን (ከላይ የተደረበውን ሳጥን) ያንሡ፤ ታችኛውን ሳጥን ከነማሩ ይተዉላቸው። ንብ የማይሸፍነው ፍሬም ቀፎ ውስጥ አይደር። የተረፈውን ደርድረው ጨለማ ጎተራ ውስጥ ከሚከቱት፣ ብርሃንና ነፋስ ባለበት አራርቀው ይስቀሉት። በየዓመቱ ከጥቁሮቹ ሁለት ሦስቱን ይቀይሩ። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ብልጭ ሲል ቀፎውን ከኋላ በኩል ነካ አድርገው ከፍ ያድርጉት፤ ቀሎ ከተነሣ ርቧቸዋል። ስኳርና ውኃ እኩል በጥብጠው፣ ከጎኑም በሶ ወይም ሽሮ፣ ሲመሽ ቀፎው ውስጥ ያኑሩላቸው። ውጭ ከሰጧቸው የሌላ ቀፎ ንቦች ዘረፋ ይነሣል። ባህላዊዎቹንም በዚሁ መንገድ ክብደታቸውን ይሞክሩ፤ የኋላ ክዳናቸውንም ከፍተው ወለሉ ላይ ኩስና ድር መኖሩን ይዩ።

አሁን የቀረው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀፎ ንግሥት እንዳላቸው ማረጋገጥ ነው። ፀሐይን ከትከሻዎ በስተኋላ አድርገው ከመሃል የወጣ ፍሬም ይመልከቱ። በየዓይኑ ግርጌ እንደ ነጭ ክር ቁራጭ አንድ አንድ እንቁላል ቆሞ ካዩ ንግሥቷ አለች። በአንድ ዓይን ሁለት ሦስት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ንግሥት ጠፍታ ሠራተኞቹ ንቦች ራሳቸው እንቁላል መጣል ጀምረዋል ማለት ነው፤ ምንም ከሌለም ሳምንት ቆይተው ደግመው ይዩ። ያኔም ካልተገኘች የትኛው ቀፎ እንደሆነና ስንት ፍሬም ንብ እንደቀረው ይጻፉልኝ፤ ከሌላኛው ጋር እንዴት እንደምናዋሕደው እነግርዎታለሁ።