«የምንጠቀመው ዱቄት» ሲሉ እርስዎና ማን?

ጥያቄ፦ ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ነኝ። ግጥሚያዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በሽንት ናሙናዬ ውስጥ ኦስታሪን የተባለ የተከለከለ ጡንቻ ገንቢ ንጥረ ነገር መገኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። አውቄ የወሰድኩት ነገር የለም፤ ከልምምድ በኋላ የምንጠቀመው ዱቄት ተበክሎ መሆን አለበት። ፕሮሞተሩ ለመገናኛ ብዙኃን የሚሆን ማብራሪያ እስከ ነገ ጽፌ እንድልክለት ጠይቆኛል። የዱቄቱን አምራች መክሰስ እችላለሁ? የግጥሚያ ክፍያዬንስ አጣለሁ?

መልስ፦ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ አጭር መልስ ስላላቸው እነሱን ላስቀድም። አምራቹን መክሰስ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈው ንጥረ ነገር በእርግጥ ውስጡ እንደነበረ በላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ ክሱ የሚቆምበት እግር የለውምና ተራው ከሁሉም በኋላ ነው። ስለ ክፍያው ውልዎን ሳላነብ ቃል አልሰጥም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካዊው ቦክሰኛ ራያን ጋርሲያ በዚሁ በኦስታሪን ሳቢያ በኒውዮርክ ለአንድ ዓመት ሲታገድ፣ ዴቪን ሄኒን ያሸነፈበት ውጤት ተሰርዞ፣ ከ10 ሺህ ዶላር መቀጮ ሌላ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆነውን የግጥሚያ ክፍያውን አጥቷል። ጉዳይዎ በዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ደንብ የሚዳኝ ከሆነ ደግሞ የኦስታሪን መነሻ ቅጣት የ4 ዓመት እገዳ ነው፤ ሆን ብለው እንዳልወሰዱት ካስረዱ ወደ 2 ዓመት፣ ምርቱ የተበከለ እንደነበረና ጥፋትዎ ከባድ እንዳልሆነ ካስረዱ ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። የማስረዳት ሸክሙ የእርስዎ ነው።

ደብዳቤውን የላከልዎት ማን እንደሆነ አልገለጹም፤ ይህ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። በፕሮፌሽናል ቦክስ እንደ ቫዳ (በፈቃደኝነት የሚደረግ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ምርመራ የሚያካሂድ ድርጅት) ያለው ተቋም ናሙና ወስዶ ውጤቱን ያሳውቃል እንጂ አይቀጣም፤ የሚቀጡት ፈቃድ የሰጠዎት አካል፣ እንደ አገሩ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ተቋሙና የሻምፒዮና ቀበቶውን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች ናቸው፤ የአንዱ ውሳኔም ሌላውን አያስርም። እንግሊዛዊው ቦክሰኛ ኮኖር ቤን በ2022 በናሙናው ክሎሚፌን የተባለ በስፖርት የተከለከለ የመካንነት መድኃኒት ሲገኝ ከክሪስ ዩባንክ ጁኒየር ጋር ሊያደርግ የነበረው ግጥሚያ ተሰረዘ፤ ቀበቶ ከሚያዘጋጁት ድርጅቶች አንዱ የሆነው የዓለም የቦክስ ምክር ቤት በ2023 ምክንያቱ እንቁላል አብዝቶ መብላቱ ሊሆን ይችላል ብሎ ቢያሰናብተውም የብሪታንያው ፀረ-አበረታች ቅመሞች ተቋም የራሱን ክስ ቀጥሎ፣ ጉዳዩ እልባት ያገኘው በ2024 መጨረሻ ነበር።

አሁን ወዳልጻፉልኝ ነገር ልምጣ። «የምንጠቀመው ዱቄት» ብለዋል። እርስዎና ማን? ለራሱ ገዝቶ በራሱ ኩሽና በጥብጦ የሚጠጣ ሰው «የምጠቀመው» ይላል። ዱቄቱን የሚያቀርብልዎት ሰው አለ፤ አሰልጣኝዎ ወይም አብሮዎት የሚለማመድ ጓደኛዎ ሊሆን ይችላል፤ ስሙን ላለማንሳት የመረጡትም ስለሚያከብሩት ይመስለኛል። ታማኝነትዎን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ዱቄቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደገዛውና ደረሰኙ የት እንዳለ ሳይናገሩ «ተበክሎ ነው» ማለት አይቻልም። ሌላም ያለፉት ነገር አለ፦ ናሙና ሲሰጡ በሞሉት ቅጽ ላይ፣ በቅርብ ቀናት የወሰዷቸውን መድኃኒቶችና ተጨማሪ ምግቦች ይዘርዝሩ በሚለው ቦታ ምን ጻፉ? ዱቄቱን ጽፈው ከሆነ የጥፋትዎ መጠን ሲመዘን ይጠቅምዎታል። «ቫይታሚን» ብቻ ብለው ፈርመው ከሆነ ግን ዛሬ «ዱቄቱ ነው» ሲሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚያች መስመር ይነሳል። የቅጹን ቅጂ ፈልገው ያግኙ።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን የነገው ማብራሪያ ነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ወደ እኔ የመጡ ሰዎች አብዛኞቹ የተሸነፉት በናሙናው ሳይሆን በራሳቸው ቃል ነው። ሰውየው ይደነግጣል፤ ሰኞ «ሥጋ ይሆናል» ይላል፣ ረቡዕ «ዱቄቱ ነው»፣ በሳምንቱ «ጓደኛዬ የቀባኝ ቅባት ነው»። እያንዳንዱ ለብቻው ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ዳኛው አንዱንም አያምንም። ንጥረ ነገሩ እንዴት ወደ ሰውነትዎ እንደገባ የሚነገረው በሽንቱ ውስጥ ከተገኘው መጠንና ከወሰዱበት ጊዜ ጋር ተመሳክሮ ነው፤ ይህም የባለሙያ ሥራ እንጂ የአንድ ሌሊት ጽሑፍ አይደለም። ፕሮሞተሩም ጠበቃዎ አይደለም። ለእሱ የላኩት መልእክት ሚስጥርነቱ በሕግ አይጠበቅም፤ ነገ ውሉን ማፍረስ ቢፈልግ መጀመሪያ የሚያወጣው ያንኑ መልእክት ነው። የቤን ጉዳይ እዚህም ያስተምራል፦ የእንቁላሉ ምክንያት የምክር ቤቱ ነበር፣ ቤን ራሱም አልተደሰተበትም፤ ሕዝቡ ግን እስካሁን የሚያስታውሰው እንቁላሉን ነው።

ዝም ብለው ይቀመጡ ማለቴ ግን አይደለም። ከዚያው ሽንት ተከፍሎ ለማረጋገጫ የተቀመጠው ሁለተኛው (የቢ) ናሙና እንዲከፈት የሚጠይቁበት ቀነ ገደብ በደብዳቤው ላይ አለ፤ ካለፈ የመጀመሪያው ውጤት እንዳለ ይጸናል። በዓለም አቀፉ ደንብ የ4 ዓመት እገዳ የተጠየቀበት ሰው ክሱ በደረሰው በ20 ቀን ውስጥ አምኖ ቅጣቱን ከተቀበለ አንድ ዓመት ሊቀነስለት ይችላል፤ ይህን መጠቀም አለመጠቀምዎን ጠበቃ ሳያማክሩ እንዳይወስኑ።

እስከዚያው የተከፈተውን ጣሳ ከነማንኪያው እንዳለ ያስቀምጡ፤ ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡ፣ ራስዎ ወደ ላቦራቶሪ አይላኩት። የተከፈተ ጣሳ ማንም የፈለገውን ሊጨምርበት ስለሚችል ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው፤ ከሥሩ የታተመውን የምርት ቁጥር ፎቶ አንስተው ያው ቁጥር ያለው ያልተከፈተ ጣሳ እንዲፈለግ ያድርጉ። ስለ ዱቄቱ የተጻጻፉባቸውን መልእክቶች፣ የሚያሳፍሩ ቢሆኑም እንኳ፣ አንዱንም አያጥፉ፤ ማስረጃ ማጥፋት ሂደቱን እንደማዛባት ተቆጥሮ ራሱን የቻለ ሌላ ጥሰት ሊሆንብዎት ይችላል።

ለፕሮሞተሩ ነገ «ደብዳቤው ደርሶኛል፤ በጠበቃዬ በኩል ምላሽ እሰጣለሁ» ብለው ይጻፉለት፤ ሌላ ቃል አይጨምሩ። ጠበቃውን ደግሞ ዛሬ ይያዙ፤ ዱቄቱን ያመጣልዎት ሰው «የእኔ ጠበቃ ለሁለታችንም ይበቃል» ቢልዎት ግን በትሕትና እምቢ ይበሉት፤ ስሙን ለመጥራት በሚገደዱበት ቀን ያ ጠበቃ ለሁለታችሁም መቆም አይችልም።